አትክልት ፍሪጅ ውስጥ ሳይጠወልግም ሳይበሰብስም እንዲቆይ

ቅዳሜ ገበያ ወጥታችሁ ለሳምንቱ ሚሆን ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቃሪያ ምናምን ገዝታችሁ ፍሪጅ ውስጥ ከታችሁ ማክሰኞ ስትከፍቱት ሰላጣው ሟሽሾ፣ ካሮቱ እንደ ጎማ እየታጠፈ፣ ድንብላሉ ደሞ ፌስታሉ ውስጥ ዝልግልግ ብሎ ከጠበቃችሁ ፍሪጁ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል፣ ባብዛኛው ችግሩ አቀማመጡ ነው። በተለይ ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሙሉ ቤቱ በአትክልት ነው ሚውለው፣ ያኔ የሚጣለው ነገር ያንገበግባል፣ የዋጋውን ነገር እኔ አልነግራችሁም።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ይግባን። ቅጠል ከተቆረጠ በኋላም ይተነፍሳል፣ ከስር ሚመጣለት ውሃ ግን የለም፣ ስለዚ ውስጡ ያለውን ነው እያተነነ ሚቆየው። ሰላጣና ቆስጣ ደሞ ከክብደታቸው ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ናቸው፣ ትንሽ ሲቀንስባቸው ወዲያው ይረግባሉ። ፍሪጅ ቀዝቃዛ ብቻ ሳይሆን ደረቅ ነው፤ አየሩ ማቀዝቀዣው ጋ ሲደርስ እርጥበቱን በረዶ አድርጎ እዛው ይተውና ደርቆ ይመለሳል፣ ተመልሶ ደሞ ካገኘው ነገር ላይ እርጥበት ይስባል። የድሮው ባለ አንድ በር ፍሪጅ ፍሪዘሩ ላይ ሚጋገረው በረዶ ከፊሉ የጎመናችሁ ውሃ ነው። ኖ ፍሮስት ሚባሉት አየሩን በፋን ስለሚያዞሩት የባሰ ያደርቃሉ፣ በረዶው በየጊዜው ቀልጦ በቀጭን ቱቦ ከኋላ ኮምፕሬሰሩ ጋ ወዳለች ሳህን ይወርድና እዛ ይተናል፣ ስለዚ አታዩትም እንጂ ውሃው እየሄደ ነው።

በሌላ በኩል ደሞ ውሃ ጠብታ ሆኖ ቅጠል ላይ ከተኛ መበስበስ ይጀምራል። ስለዚ ምንፈልገው እርጥበት ያለው አየር ነው፣ ውሃ አይደለም። ጉሊት ሚሸጡትን እናቶች እዩዋቸው፣ ጎመኑን ባልዲ ውስጥ ሲዘፈዝፉት አታዩም፣ ውሃ እፍን አድርገው እርጥብ የማዳበሪያ ጆንያ ነው ሚያለብሱት። እኛም ቤት ምንሰራው ያንኑ ነው፣ ፍሪጅ ስላለን ብቻ ይረዝማል።

1. ፍሪጁን ማስተካከል

ለአብዛኛው ቅጠላቅጠል ከ1 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ሚሳሳተው ውስጥ ያለችዋን ከ1 እስከ 7 ምናምን የተጻፈባትን መዘውር ላይ ነው፣ ቁጥሩ ዲግሪ አይደለም፣ ባብዛኞቹ ፍሪጆች ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቅዝቃዜው ይጨምራል። 7 ላይ አድርጋችሁ ሰላጣው ከኋላ ግድግዳው ጋር ተጣብቆ በረዶ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ነው፣ በረዶ የሆነ ሰላጣ ደሞ ሲቀልጥ ሴሉ ስለተቀደደ ምንም አይመልሰውም። ትንሽ ቴርሞሜትር ካላችሁ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከታችሁ መሀል መደርደሪያ ላይ አሳድሩትና ጠዋት አንብቡ፣ አየሩን ከመለካት እሱ ይሻላል ምክንያቱም በር በተከፈተ ቁጥር አየሩ ይለዋወጣል።

የበሩንም ጎማ እዩ። ወረቀት በሩ መሀል አድርጋችሁ ዝጉትና ሳቡት፣ ያለምንም ትግል ከወጣ ጎማው አልያዘም ማለት ነው፣ አንዳንዴ ቆሻሻ ብቻ ነው፣ በሞቀ ውሃና በሳሙና ስትጠርጉት ይስተካከላል።

ከታች ያለው መሳቢያ ለጌጥ አይደለም እሺ። የተሰራው ከላይ ያለው ደረቅ አየር በቀጥታ እንዳያገኘው ነው፣ ለዛ ነው ከላዩ መስታወት ሚከደንበት። አንዳንዱ መሳቢያ ላይ ምትንሸራተት ነገር አለች፣ እሷን ስትዘጉ እርጥበቱ ውስጥ ይቀራል (ለቅጠል)፣ ስትከፍቱ ይወጣል (ለፍራፍሬ)። ሁለት መሳቢያ ካላችሁ አንዱን ለቅጠልና ለካሮት ዝጉት፣ አንዱን ለፍራፍሬ ክፈቱት። መስታወቱ ተሰብሮ ካርቶን ያደረጋችሁበት ወይም ጭራሽ መሳቢያው ሌላ ነገር ሚቀመጥበት ከሆነ ደሞ ክዳን ያለው ሰፊ ፕላስቲክ እቃ መደርደሪያው ላይ አድርጉ፣ ያው ስራ ይሰራል።

2. ከገበያ እንደመጣችሁ

ፌስታሉን እንደተቋጠረ ፍሪጅ ውስጥ መወርወር ነው ሁሉንም ነገር ሚያበላሸው። ፀሐይ ላይ ውሎ፣ ታክሲ ውስጥ ታፍኖ የመጣ ጎመን መሀሉን እጃችሁን ስትከቱበት ይሞቃል፣ እንዲ ሆኖ ከገባ ፌስታሉ ውስጥ ያልበዋል፣ ላቡ መልሶ እላዩ ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚ መጀመሪያ እስሩን ፍቱ። ገመዱ ወይም ላስቲኩ ያለበት ቦታ ላይ ግንዱ ስለሚቀጠቀጥ መበስበስ ሚጀምረው ከዛ ነው። ጠረጴዛ ላይ ወይም ሰፌድ ላይ በትኑት፣ ትንፋሽ ያግኝ፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፣ ፀሐይ ላይ ግን አይሁን።

ከዛ መልቀም ነው። ቢጫ ያደረገውን፣ የተቀደደውን፣ ጫፉ የጠቆረውን አውጡ፣ ምክንያቱም አንድ የበሰበሰ ቅጠል ጎኑ ያለውን ሁሉ ይዞ ነው ሚሄደው። ከተለቀመው ያልበሰበሰውን ዛሬውኑ ስሩት፣ አትጣሉት። ክረምት ላይ ደሞ ሁሉም ነገር ከነጭቃው ከነዝናቡ ነው ሚመጣው፣ እሱን ጨርቅ ላይ አንጠፍጥፉት፣ ሳይደርቅ አይግባ።

3. ፍሪጅ ማይገባው

ቦታ ለማትረፍም ጭምር ይሄን እወቁት። ድንች አይገባም፣ ቅዝቃዜ ሲያገኘው ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ስትጠብሱት ቶሎ ይጠቁራል ጣዕሙም ይጣፍጣል፣ ጨለማና አየር ያለበት ቦታ ይሁን፣ ብርሃን ካገኘው አረንጓዴ ይሆናል፣ እሱ ደሞ ይመራል፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም። ያልተላጠ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ውጭ፣ ደረቅ ቦታ፣ ግን ከድንች ጋር አንድ ጆንያ ውስጥ አታድርጓቸው። ዱባና ስኳር ድንችም ውጭ።

ቲማቲም ላይ ሁሌ ክርክር አለ። ያልበሰለ ከሆነ ፍሪጅ አታስገቡት፣ መብሰሉን ያቆማል፣ ጣዕሙም ይሞታል፣ ውስጡ ዱቄት ዱቄት ይላል። በደንብ በስሎ ነገ ሊፈርስ የደረሰ ከሆነ ግን አስገቡት፣ ጥቂት ቀን ያተርፍላችኋል፣ ለሰላጣ ከሆነ ከመብላታችሁ በፊት አውጥታችሁ ቅዝቃዜው ይልቀቀው። አቮካዶና ሙዝም እስኪበስሉ ውጭ ናቸው፣ የበሰለ አቮካዶ ግን ፍሪጅ ይገባል።

ይሄ ሁሉ አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ላላችሁ ነው፣ እዚህ ማታ ማታ ቤቱ ራሱ ፍሪጅ ነው። ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም አረብ ሀገር ያላችሁ ግን ኤሲ የሌለበት ኪችን ውስጥ ቲማቲም ሁለት ቀን አይቆይም፣ እናንተ ፍሪጁን በሩ አካባቢ ሞቅ ያለው ቦታ ላይ ተጠቀሙበት፣ ከመበስበስ ጣዕሙ ትንሽ ቢቀንስ ይሻላል።

4. ማጠብ ወይስ አለማጠብ

የኔ ምርጫ፦ ሚበስል ከሆነ ሳይታጠብ ይቀመጥ፣ ስትሰሩት ታጥቡታላችሁ። ጥሬውን ሚበላ ሰላጣ ከሆነ ግን ቀድሞ አጥቦ ማስቀመጥ ይቻላል፣ አንድ ነገር ግን ግዴታ ነው፣ በደንብ መድረቅ አለበት።

ሰላጣ ላይ ለምን እጨነቃለሁ፣ አዲስ አበባ ገበያ ሚገባው ቅጠል ከፊሉ አቃቂ ወንዝ ዳር በመስኖ ሚለማ ነው፣ ወንዙ ውስጥ ደሞ የከተማው ፍሳሽ ይገባል። ስለዚ አንድ ሳፋ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጎ ማውጣት አይበቃም። ቅጠል በቅጠል ነጣጥላችሁ፣ ንጹህ ውሃ ደጋግማችሁ እየቀየራችሁ፣ አሸዋው ሳፋው ስር መቅረቱን እስክታዩ እጠቡ። ኮምጣጤ ሚጨምር ሰው አለ፣ ይረዳል ግን ሁሉንም ጀርም ይገድላል ብላችሁ አትተማመኑ፤ ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ቤት ውስጥ ካለ የበሰለውን ቆስጣ መብላት ይሻላል ባይ ነኝ።

ማድረቁን ደሞ እንዲ አድርጉ፦ የታጠበውን ቅጠል ወንፊት ላይ አድርጋችሁ ውሃው ይውረድ፣ ከዛ ንጹህ የጥጥ ፎጣ መሀል አስቀምጡና አራቱን ጫፍ ሰብስባችሁ ያዙ፣ በረንዳ ላይ ወጥታችሁ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አሽከርክሩት። ፎጣው ከውጭ እርጥብ ሲሆን ታያላችሁ፣ ግድግዳውም ላይ ይረጫል፣ ስለዚ የተሰጣ ልብስ አጠገብ አይሁን። ፎጣውን ገልብጣችሁ አንዴ ድገሙት። ቅጠሉን በእጃችሁ ስትነኩት ቀዝቀዝ ብሎ ግን ጣታችሁን ማያረጥብ ከሆነ በቃ ደርሷል።

5. መጠቅለል

ዋናው ስራ ይሄ ነው። ሚያስፈልጋችሁ ንጹህ ስስ ጨርቅ (ያረጀ ነጠላ ቆርጣችሁ ቢሆን ደስ ይላል፣ የጥጥ ስለሆነ) ወይም የኪችን ሶፍት፣ እና ፌስታል ወይም ክዳን ያለው እቃ። ጋዜጣም ሚጠቀም አለ፣ ቀለሙ ግን ሲረጥብ ስለሚለቅ ቅጠሉን በቀጥታ ባይነካው ጥሩ ነው። ፌስታልን ሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ስለጸደቀ ቤት ውስጥ ያጠራቀማችሁትን አጥባችሁ ደጋግማችሁ ተጠቀሙበት፣ ሲያልቅ ወደ ክዳን ያለው እቃ ትሄዳላችሁ።

ጨርቁን ውሃ ነክራችሁ ጭምቅ አድርጉት፣ አንዲት ጠብታ እስከማትወርድ ድረስ። ደረቅ ለሆነ ቅጠል (ሳይታጠብ የመጣ ጎመን፣ ቆስጣ) እርጥቡ ጨርቅ ነው ሚሆነው፣ ታጥቦ ለነበረ ሰላጣ ደሞ ደረቁ ጨርቅ፣ ምክንያቱም እሱ ራሱ የቀረ ውሃ አለው፣ ጨርቁ መጦ ይይዝለታል። ይሄን ገልብጣችሁ ከሰራችሁት ሰላጣው ይበሰብሳል፣ ጎመኑ ይጠወልጋል።

ከጠቀለላችሁ በኋላ ፌስታል ውስጥ አስገቡና አፉን እጠፉት እንጂ አትቋጥሩት። እንደ አማራጭ ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ በቢላ ጫፍ ጥቂት ቦታ መብሳት ይቻላል። አየር ጭራሽ ካላገኘ ይታፈንና መጥፎ ሽታ ያመጣል፣ እንደፈለገ ካገኘ ይደርቃል፣ መሀሉ ነው ሚፈለገው። ፌስታሉ ውስጥ ጠል ጠል ካያችሁ ከፈት አድርጉት፣ ቅጠሉ ከረገበ ጨርቁን እንደገና አርጥቡት።

6. በየአይነቱ

ጎመን፦ ግንዱን ጫፉን በስሱ ቁረጡለት፣ እርጥብ ጨርቅ ግንዱ ላይ ጠቅልሉ፣ ቅጠሉን ለስለስ አድርጋችሁ አልብሱት፣ መሳቢያ ውስጥ ከላዩ ላይ ከባድ ነገር አይጫንበት። ከተከተፈ በኋላ ዕድሜው አጭር ነው፣ እሁድ ከትፎ ለሳምንት ማስቀመጥ ሚባለውን ነገር አልወደውም፣ ጠርዙ ይጠቁራል ሽታው ይለወጣል። ጊዜ ከሌላችሁ ከትፋችሁ ወደ ፍሪዘር ነው፣ እሱን ወደታች እነግራችኋለሁ።

ካሮት፦ ቅጠሉ ካለ እዛው ቁረጡት፣ ቅጠሉ ከካሮቱ ውሃ እየሳበ ነው ሚኖረው። እርጥብ ጨርቅ፣ ፌስታል፣ መሳቢያ፣ በዚህ ሳምንታት ይቆያል። ሌላው መንገድ ክዳን ባለው እቃ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው፣ ቀጭ ሚል ካሮት ትበላላችሁ ግን ውሃውን በየሁለት ሦስት ቀኑ ካልቀየራችሁት ይዝለገለጋል።

ቀይ ስር፦ እንደ ካሮት ነው፣ ቅጠሉን ስትቆርጡ ግን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ግንድ አስቀሩ፣ ጥግ ድረስ ከተቆረጠ ስትቀቅሉት ቀለሙ ይፈሳል። ቅጠሉን አትጣሉ፣ ከቆስጣ ጋር አንድ ዝርያ ነው፣ እንደ ቆስጣ ይሰራል።

ቃሪያና ፎሶሊያ፦ እነዚህ ብዙ ቅዝቃዜ አይወዱም፣ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ አካባቢ ነው ሚስማማቸው፣ ስለዚ ከኋላ ግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ ወይም በር ላይ አስቀምጡ። እርጥብ ጨርቅ እዚህ የለም፣ በደረቅ ሶፍት ጠቅልሉ። የቃሪያውን ጭራ ስታስቀምጡ አትንቀሉት፣ ከተነቀለበት ቀዳዳ ነው ሻጋታ ሚገባው።

ጥቅል ጎመን፦ በጣም ታጋሽ ነው። ከመሀል ለሁለት ከመሰንጠቅ ከውጭ ቅጠል በቅጠል እየላጣችሁ ተጠቀሙ፣ የተቆረጠ ፊት ከሌለው ለብዙ ጊዜ ይቆያል።

ድንብላል፦ ግንዱን ቆርጣችሁ ሁለት ጣት ውሃ ያለው ብርጭቆ ውስጥ እንደ አበባ አቁሙት፣ ከላይ ፌስታል ለቀቅ አድርጋችሁ አልብሱት፣ ፍሪጅ። በሶብላ ግን በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሆኖ ውጭ ይቁም፣ ፍሪጅ ውስጥ ቅዝቃዜው ያጠቁረዋል። ሎሚ ውጭ ሲቀመጥ ድንጋይ ይሆናል፣ በተዘጋ እቃ ፍሪጅ ውስጥ ግን ጭማቂው ሳይቀንስ ይከርማል።

ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ፈጭታችሁ በዘይት ምታስቀምጡ ሰዎች እዚህ ጋ ቆም በሉ። ዘይት አየር ስለሚከለክል ቦቱሊዝም ሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ ሚያመጣው ባክቴሪያ ውጭ ሙቀት ላይ እዛ ውስጥ መርዙን ሊያመርት ይችላል፣ በጠረንም በመልክም ላይታወቅ ይችላል። ስለዚ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ፣ ፍሪጅ ውስጥ አድርጋችሁ በጥቂት ቀን ጨርሱት፣ ለብዙ ጊዜ ከሆነ በትንንሹ አድርጋችሁ ፍሪዘር።

7. ማን ከማን ጋር

አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ፖም፣ የበሰለ ቲማቲም ሲበስሉ ኤቲሊን ሚባል ጋዝ ያወጣሉ። አቮካዶን ጋዜጣ ውስጥ ጠቅልለን ቶሎ ምናበስለው እሱኑ ጋዝ አፍነን ነው። ይሄ ጋዝ ቅጠል ካገኘ ያስረጀዋል፣ ብሮኮሊና ጎመኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሰላጣው ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ካሮት ደሞ ይመራል። ካሮታችሁ ያለምክንያት መረረን ካላችሁ ጎኑ ምን እንደነበረ አስታውሱ። ስለዚ ፍራፍሬ በሌላ መሳቢያ ወይም ላይኛው መደርደሪያ።

ስጋ ደሞ፣ በተለይ ጾም ሲፈታ ፍሪጁ በስጋ ሲሞላ፣ ጥሬ ስጋ ከላይ ሆኖ ደሙ መሳቢያው ውስጥ ሰላጣው ላይ እንዳይንጠባጠብ ጠርዝ ባለው ትሪ ውስጥ ተከድኖ ይቀመጥ። ፍሪጁንም ጥቅጥቅ አታድርጉት፣ አየር ካልዞረ አንዱ ጥግ በረዶ ሌላው ጥግ ሞቃት ይሆናል።

8. የጠወለገውን መመለስ

የረገበ ቅጠል ውሃ ስላጣ እንጂ ስለሞተ አይደለም። የግንዱን ጫፍ ቆርጣችሁ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉት፣ ሴሎቹ ውሃውን ይስቡና ቀጥ ይላል። ካሮት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፣ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ብትዘፈዝፉት ይፈጥናል። የተነሳውን ግን እዛው ቀን ብሉት። ከተዝለገለገ፣ ከሸተተ ወይም ሻጋታ ካወጣ ውሃ አይመልሰውም፣ ይጣል።

ሳምንቱ መሀል ላይ፣ ሮብ ለጾሙ ስትሰሩ አብራችሁ፣ መሳቢያውን አውጥታችሁ እዩት፣ የረጠበ ጨርቅ ቀይሩ፣ የተበላሸ ቅጠል ልቀሙ። መሳቢያው ራሱ ባዶ ሲሆን በሞቀ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ ታች የቀረው ቡናማ ውሃ ነው ሚቀጥለውን ዙር ሚያበላሽባችሁ።

9. መብራት ሲጠፋ

በሩን አትክፈቱ፣ በቃ። ያልተከፈተ ፍሪጅ እስከ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ባዶ ቦታ ካለ በሃይላንድ ውሃ ሞልታችሁ አስገቡ፣ ውሃው ቅዝቃዜውን ያቆየዋል፣ የውሃ ፈረቃም ላለበት ሰፈር ሌላ ጥቅም አለው። ለረጅም ጊዜ ከጠፋ አትክልቱ ከስጋና ከወተት የተሻለ ይታገሳል፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ማታውን ቅጠሉን አውጥታችሁ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ መስኮት አጠገብ ብታሳድሩት ይነጋለታል።

ብዙ ጎመን ርካሽ ካገኛችሁና ከሳምንት በላይ ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ ደሞ ፍሪዘር ነው። አጥባችሁ ከትፉት፣ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ወደ 3 ደቂቃ ነከር፣ ወዲያው በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ፣ ከዛ በሁለት እጅ ጭምቅ አድርጋችሁ ለአንድ ወጥ በሚሆን መጠን እያደረጋችሁ አየሩን አስወጥታችሁ በላስቲክ ቋጥሩ፣ ጠፍጠፍ ብሎ ይቀመጥ ቶሎ እንዲጋገር። ሳትቀቅሉ በጥሬው ከከተታችሁት ቀለሙም ጣዕሙም ይለወጣል። ስትሰሩት ማቅለጥ አያስፈልግም፣ ሽንኩርቱ ሲቁላላ እንደበረደ ድስቱ ውስጥ ጨምሩት፣ ውሃ ግን አትጨምሩበት፣ የራሱ ይበቃዋል።